በብርድ የሚነጡ ጣቶችን የደም ፍሰት መለካት፦ ከሥራው የተገኘ ተሞክሮ

ሥራዬ ብርድ ሲነካቸው ጣቶቻቸው የሚነጡና የሚደነዝዙ ሰዎችን እጅ መለካት ነው። ደም ወደ ጣቶቻቸው ምን ያህል እንደሚደርስ፣ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚቀንስና እጁ ሲሞቅ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ በቤተ ሙከራ ውስጥ እመዘግባለሁ። ይህን የምጽፈው ወደዚህ ሥራ አዲስ ለሚገቡ ባለሙያዎችና ተማሪዎች፣ እንዲሁም ለእጅ የደም ፍሰት ምርመራ ተጠርተው ምን እንደሚጠብቃቸው ለማያውቁ ሰዎች ነው። በሥራው በቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉ በላይ ያመንኩበት ነገር ቢኖር፣ እጅ መቀዝቀዙ ብቻውን ብዙ እንደማይናገር ነው። የሚናገረው ከቅዝቃዜው የሚያገግምበት መንገድ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚታመነው ተመርማሪው መላ አካሉ በደንብ ሞቆ ከመለኪያው ፊት ሲቀመጥ ብቻ ነው።

ይህን ሁኔታ በዝርዝር ገልጾ ስሙ እስከ ዛሬ አብሮት የሚጠራው ፈረንሳዊው ሐኪም ሞሪስ ሬይኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1862 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ስለዚሁ ነበር። የሬይኖ ክስተት ሲነሳ ደም ወደ ጣቱ መድረሱ ስለሚቋረጥ ጣቱ በመጀመሪያ ይነጣል፤ ቀጥሎ በውስጡ የቀረው ደም ኦክስጅኑ ሲያልቅበት ወደ ሰማያዊነት ያደላል፤ በመጨረሻም ደሙ ሲመለስ ይቀላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ያቃጥላል። ሁሉም ሰው ሦስቱንም ቀለሞች አያሳይም። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ለውጡ ከእጅ ጀርባ በኩል ለዓይን ስለማይጎላ፣ የመዳፉን ገጽ፣ የጣቶቹን ጫፎችና ከጥፍር ሥር ያለውን ሥጋ ማየት ያስፈልጋል። ይህን ባለማድረግ ብቻ «ምንም የለብዎትም» ተብለው የተሸኙ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ ነገሩም ያሳዝነኛል።

በጣት ጫፎች ውስጥ ደምን ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በአጭሩ የሚያሻግሩ መንገዶች በብዛት አሉ። ዋና ሥራቸው ጣቱን መመገብ ሳይሆን የሰውነትን ሙቀት ማስተካከል ነው፤ ሰውነት ሙቀቱን መቆጠብ ሲፈልግ ይዘጋቸዋል፣ ሙቀት ሲበዛበት ደግሞ ይከፍታቸዋል። በዚህም የተነሳ ፍጹም ጤነኛ በሆነ ሰው ላይ እንኳ የጣት ደም ፍሰት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጥቂት ወደ እጅግ ብዙ ሊለዋወጥ ይችላል። ሬይኖ ራሱ ችግሩን ከነርቭ መጋነን ጋር ያያያዘው ሲሆን፣ ብሪታንያዊው ሐኪም ቶማስ ሉዊስ ግን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ባደረጋቸው ሙከራዎች ጉድለቱ ያለው በራሱ በጣቱ የደም ሥር ውስጥ ነው ሲል ተከራከረ። ዛሬ ለሁለቱም ማስረጃ አለ። ቆዳ ሲቀዘቅዝ፣ በደም ሥሩ ጡንቻ ሕዋሳት ውስጥ ተሸሽገው የሚቆዩ አንድ ዓይነት የነርቭ ምልክት ተቀባዮች ወደ ሕዋሱ ገጽ ስለሚወጡ፣ ነርቩ የሚልከው የተለመደ ትእዛዝ ከወትሮው የበለጠ ጠንካራ መጨማደድን ያስከትላል። ለእኛ ለለኪዎች የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ጣቱ የሚመልሰው ለፈተና ለሚነከርበት ውኃ ቅዝቃዜ ብቻ ሳይሆን ለመላው ሰውነት ሁኔታም ጭምር ነው።

የሬይኖ ክስተት ያለባቸው ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። የሚበዙት ከጀርባው ሌላ በሽታ የሌለባቸው ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት ይጀምራቸዋል፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ፣ ሁለቱም እጆች በእኩል ይያዛሉ፣ በጣት ላይም ቁስል አይወጣም። በእነዚህ ሰዎች የደም ሥሩ ከልክ በላይ ይጨማደዳል እንጂ ግድግዳው ጤነኛ ነው። ሁለተኞቹ ሌላ በሽታ ያለባቸው ሲሆኑ፣ ከነዚህ በሽታዎች ዋነኛው ቆዳንና የውስጥ አካላትን የሚያጠነክረው ስክሌሮደርማ ነው። የስክሌሮደርማ ታማሚዎች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ይህ ክስተት ይታይባቸዋል፤ ብዙ ጊዜም የመጀመሪያው ምልክት እርሱ ሆኖ ሌሎቹን በዓመታት ይቀድማል። በእነርሱ ላይ የደም ሥሩ ግድግዳ ራሱ ተጎድቶ መተላለፊያው ጠብቧል። የምርመራችን ትልቁ ጥያቄ እንግዲህ የሚከፈት ነገር ግን የተዘጋ ደም ሥር ነው ያለው ወይስ ሊከፈት የማይችል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ምርመራው ክፍል እንግባ፤ ምክንያቱም ጥሩና መጥፎ ልኬት የሚለየው ከመሣሪያው ይልቅ እዚያ ነው። እኛ የምንሠራበትን ክፍል 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንይዘዋለን፤ አየር የሚያንቀሳቅስ ማራገቢያ አይኖርም፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ፀሐይ በተመርማሪው ላይ አይወድቅም። ተመርማሪው ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በዚያ ተቀምጦ ይላመዳል። ከመምጣቱ በፊት ባሉት 4 ሰዓታት ቡና፣ ሻይና ሲጋራ እንዳይወስድ፣ ከባድ ምግብ እንዳይበላና ስፖርት እንዳይሠራ አስቀድመን እንነግረዋለን። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና ጠባብ እጅጌ ይወልቃሉ። እጆቹ በልብ ከፍታ ላይ በትራስ ይደገፋሉ፤ እጅ ዝቅ ወይም ከፍ ሲል በጣቱ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚለወጥ ከፍታው በየጊዜው አንድ መሆን አለበት። ሴቶች ተመርማሪዎች በወር አበባ ዑደታቸው የት ላይ እንዳሉ እንጠይቃለን፤ የጣት ደም ፍሰት ከዑደቱ ጋር ስለሚለዋወጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቸል የሚባለው የተመርማሪው መንፈስ ነው። ጭንቀት ብቻውን ጣትን ያነጣል፤ በጥናቶች ውስጥ ሆን ተብሎ ተመርማሪውን በቃሉ ሒሳብ በማሠራት የደም ሥሮቹን ማጨማደድ ይቻላል። ታዲያ አንድን ሰው በጥድፊያ አስገብቶ፣ ሰነድ አስፈርሞ፣ ምን እንደሚደረግለት ሳያብራሩ እጁን ከካሜራ ሥር ማስቀመጥ ሳያውቁ ያንኑ ሙከራ መሥራት ነው። እኔ በመላመጃው ጊዜ ከሰውየው አጠገብ ተቀምጬ እያንዳንዱን ደረጃ አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ውኃው ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ሕመሙ ከበረታበት በማንኛውም ቅጽበት እጁን ማውጣት እንደሚችልና ይህም ቅር እንደማያሰኘን እገልጽለታለሁ። ከዚያ በኋላ በዝምታ እናርፋለን። ይህ ዝምታ ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው ባልደረቦች አሉ፤ እኔ ግን ከምርመራው ክፍሎች ሁሉ የማልደራደርበት እርሱን ነው።

የቅዝቃዜ ፈተናው በየቤተ ሙከራው ይለያያል። እኛ ዘንድ ሁለቱ እጆች ስስ የላስቲክ ጓንት ለብሰው በ15 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ይገባሉ። ጓንቱ የሚያስፈልገው ቆዳው እንዳይረጥብ ነው፤ እርጥብ ቆዳ ውኃው ሲተን ተጨማሪ ሙቀት ስለሚያጣ ልኬቱን ያዛባል። ከዚያም ጓንቱ ቶሎ ወልቆ እጆቹ ከሙቀት ካሜራው ሥር ለ15 ደቂቃ ያህል ይቆያሉ። በጤነኛ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ጣቶቹ ከጫፋቸው በኩል መሞቅ ይጀምራሉ፤ በስክሪኑ ላይ ሙቀቱ በጣቶቹ ጫፍ ታይቶ ወደ መዳፉ ይሰፋል፣ ከደቂቃዎች በኋላም ጣቱ ከእጁ ጀርባ ይበልጥ ሊሞቅ ይችላል። የሬይኖ ክስተት ባለበት ሰው ላይ ሙቀቱ ከእጁ ጀርባ ተነስቶ ወደ ጣቱ በዝግታ ይሳባል፣ ወይም መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል። ሁሉም ጣቶች እኩል አለመሆናቸውንም ማስተዋል ይገባል። አውራ ጣት ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ አውራ ጣትም አብሮ ከተያዘ ከጀርባ ሌላ በሽታ ሊኖር እንደሚችል እናስባለን።

የተመርማሪው አጠቃላይ ሙቀት ምን ያህል እንደሚወስን ያሳየችኝን አንዲት ወጣት አስታውሳለሁ። የመላመጃውን ጊዜ በሥርዓቱ ጨርሳለች፣ ክፍሉም በሙቀቱ ልክ ነበር፤ ነገር ግን ከውኃው በኋላ ጣቶቿ እስከ ልኬቱ መጨረሻ ድረስ ቀዝቅዘው ቀሩ። ውጤቱ ለተጎዳ የደም ሥር የሚቀርብ ነበር። እግሮቿን ሳይ ጫማዋ በዝናብ ርሷል፤ ካልሲዋን ስታወልቅ የእግር ጣቶቿም እንደ እጆቿ ነጥተው ነበር። በሌላ ቀን በደረቅ ካልሲና በብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ያው ፈተና ሲደገምላት ጣቶቿ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወደ መነሻ ሙቀታቸው ተመለሱ። የእጇ ደም ሥሮች በሁለቱ ቀናት መካከል አልተለወጡም፤ በመጀመሪያው ቀን ያየነው መላ ሰውነቷ ሙቀት ሲቆጥብ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእግርን ሙቀትም በመነሻው እንመዘግባለን፤ ሌሎችም እንዲህ ቢያደርጉ እመክራለሁ።

ጥርጣሬ በሚኖርበት ጊዜ የሚጠቅመው ሌላኛው ዘዴ ማቀዝቀዝ ሳይሆን ማሞቅ ነው። የክፍሉን ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ አሳድገን እጁን እንደገና እናያለን። በዚህ ሙቀት ሊከፈት የሚችል ደም ሥር ይከፈታል፤ ጣቱም ከእጁ ጀርባ ጋር ይስተካከላል። የጣቱ ጫፍ ከእጁ ጀርባ ከ1 ዲግሪ በላይ ቀዝቅዞ ከቀረ ግን የደም ሥሩ ግድግዳ ራሱ ሳይጎዳ እንዳልቀረ ያመለክታል። ይህ ፈተና ተመርማሪውን ስለማያሳምም እኔ በግሌ ከቀዝቃዛው ውኃ አስበልጬ እወደዋለሁ፤ ወደዚህ ሥራ የሚገቡ ሰዎችም ከእርሱ ቢጀምሩ መልካም ነው።

መሣሪያዎቹን በሚመለከት እያንዳንዱ ምን እንደሚለካ ማወቅ ግድ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም «የደም ፍሰት መለኪያ» ቢባሉም ደምን በቀጥታ የሚያይ የለም ማለት ይቻላል። የሙቀት ካሜራው የሚያየው የቆዳን ሙቀት ነው። ሙቀቱ የደሙን መምጣት ይከተላል እንጂ አብሮት አይነሳም፤ ስለዚህ በቅጽበት የሚከሰትን ለውጥ ከእርሱ መጠበቅ አይገባም። ሌዘር ዶፕለር የሚባለው መሣሪያ ደካማ ብርሃን ወደ ቆዳ ልኮ ከሚንቀሳቀሱ ቀይ የደም ሕዋሳት ተመልሶ ሲመጣ የሚያሳየውን ለውጥ ያነባል። የሚያየው እስከ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ባለ ጥልቀት ያለውን ብቻ ሲሆን፣ ውጤቱንም የሚሰጠው በሚሊሊትር ሳይሆን በራሱ አሃድ ነው፤ ስለዚህ የአንዱን ሰው ቁጥር ከሌላው ሰው ቁጥር ጋር በቀጥታ ማወዳደር ያሳስታል፣ አንድን ሰው ከራሱ ጋር በተለያየ ሁኔታ ማወዳደር ግን ጥሩ ነው። ክንድ በግፊት ማሰሪያ ታስሮ ደሙ ሙሉ በሙሉ ሲቆም እንኳ ይህ መሣሪያ ዜሮ አያሳይም፤ ያን ቀሪ ቁጥር በመጀመሪያ ለክቶ መያዝ ያስፈልጋል። የጣት ትንሽ መንቀጥቀጥ ደግሞ እንደ ፍሰት ሆኖ ይመዘገባል። በብርድ የሚሠቃይ ሰው ይንቀጠቀጣልና ይህን ነጥብ አጥብቄ አነሳለሁ። የጣትን ደም ግፊት በማቀዝቀዣ ማሰሪያ የሚለካ ዘዴም አለ፤ ጣቱ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ያሳያል፣ በተለይም ከሥራ ጋር የተያያዘ ጉዳትን ለመመርመር ይሠራበታል።

በነገራችን ላይ በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በነዚህ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም ወይም የተሳሳተ ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ ምልክቱን የሚያገኘው በጣት ውስጥ ከሚመታው ደም ስለሆነ ነው። የሬይኖ ክስተት ያለባችሁ ሰዎች ለሕክምና ስትሄዱ ይህን አስቀድማችሁ ብትናገሩና ከጆሮ ጫፍ ወይም ከግንባር እንዲለካላችሁ ብትጠይቁ ከአላስፈላጊ ድንጋጤ ትድናላችሁ።

ከሁሉም ምርመራዎች በጥቂት ወጪ ብዙ የሚነግረን ግን በጥፍር ሥር፣ ማለትም ጥፍሩ ከጣቱ በሚበቅልበት ጠርዝ ያለውን ቆዳ በማጉያ ማየት ነው። በሌላው የቆዳ ክፍል ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ወደ ላይ ቀጥ ብለው ስለሚመጡ የሚታየው ጫፋቸው ብቻ ነው፤ በጥፍሩ ሥር ግን ከቆዳው ገጽ ጎን ለጎን ተጋድመው ስለሚገኙ ሙሉ ርዝመታቸው ይታያል። በቆዳው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ ሲደረግ ብርሃኑ ይገባል፣ 200 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ሲታዩም በጤነኛ ሰው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰልፈው፣ ወጥተው ታጥፈው የሚመለሱ ቀይ መስመሮች ይገኛሉ። በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ቢያንስ 7 ያህል ይቆጠራሉ። በስክሌሮደርማ መጀመሪያ ላይ አንዳንዶቹ ያብጣሉ፤ ስፋታቸው ከ50 ማይክሮሜትር ካለፈ ግዙፍ ይባላሉ፣ በአጠገባቸውም ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች ይታያሉ። እየቆየ ሲሄድ የደም ሥሮቹ ይጠፉና ባዶ ቦታዎች ይተካሉ። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ቆዳቸው ይበልጥ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከእነርሱ መጀመር ይጠቅማል። ለዚህ ምርመራ የምትመጡ ሰዎች የጥፍር ቀለማችሁን አስለቅቁ፤ ከዚያም በላይ ደግሞ ከጥፍራችሁ ሥር ያለውን ቆዳ በቀደሙት ሳምንታት አትቁረጡ፣ አትግፉ፣ አትንከሱም፤ እንዲህ ያለ ቁስል ከበሽታ ጋር የሚመሳሰል የደም ነጠብጣብ ይተዋል።

ስለ ሥራቸው መጠየቅ የማይዘለል ነው። የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ በእጃቸው ይዘው ለዓመታት የሠሩ ሰዎች፣ ድንጋይ የሚፈለፍሉ፣ ብረት የሚሞርዱ፣ በሞተር መጋዝ እንጨት የሚቆርጡ፣ ጣቶቻቸው በብርድ ይነጣሉ። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሎሪጋ እ.ኤ.አ. በ1911 ጽፎበታል፤ አሜሪካዊቷ ሐኪም አሊስ ሃሚልተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1918 በኢንዲያና ግዛት በአየር ግፊት መዶሻ የኖራ ድንጋይ የሚጠርቡ ሠራተኞችን እጅ መርምራለች። በእነዚህ ሰዎች የሚነጡት ጣቶች መሣሪያውን የሚይዙት ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱ እጆች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። «ምን ይሠሩ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከአሥር ልኬት የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ተመርማሪዎች በቤታቸው የሚይዙት መዝገብም የጥናቱ አካል ነው። ክስተቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደቆየና ከ0 እስከ 10 በሚደርስ ነጥብ ምን ያህል እንዳስቸገራቸው ይጽፋሉ። እዚህ ላይ በእውነት ልናገር የምፈልገው ነገር አለ። በመሣሪያ የሚለካው ፍሰትና ሰውየው የሚሰማው ሥቃይ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ስክሪኑ መጠነኛ ለውጥ ሲያሳይ ሰውየው ቁልፍ መቆለፍ፣ ሳንቲም ማንሳት ያቃተው ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ መድኃኒት የሌለበት ክኒን የተሰጣቸው ተሳታፊዎችም መዝገባቸው ላይ መሻሻል መጻፋቸው በዚህ በሽታ ጥናቶች ውስጥ በሰፊው የታወቀ ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ካልተስማሙም አለመስማማታቸው ራሱ ይጻፋል። ክስተቱ ሲመጣ በስልክ የተነሳ ፎቶግራፍ ደግሞ በቤተ ሙከራ ልናስነሳው የማንችለውን ነገር ያሳየናል፤ ምርመራ የምትጠብቁ ሁሉ እጃችሁን ባገኛችሁት ብርሃን ፎቶ አንስታችሁ አምጡ።

መድኃኒትን በተመለከተ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። እንደ ኒፌዲፒን ያሉ የደም ሥርን የሚከፍቱ መድኃኒቶች ልኬቱን ይለውጣሉ፤ ይሁን እንጂ «ምርመራው እንዲያምር» ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ማቋረጥ ካስፈለገ የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው፤ እኛ የምንፈልገው የምትወስዱትን ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዛውን ጭምር ማወቅ ነው። አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የማይግሬን መድኃኒቶች እንዲሁም ቤታ ብሎከር የሚባሉ አንዳንድ የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች ክስተቱን ሊያባብሱ ይችላሉ። በጣቱ ላይ ቁስል ያለበትን ሰው ደግሞ እኛ በቀዝቃዛ ውኃ አንፈትንም። ለእንዲህ ያለ ሰው ጥናቱ ይቆይና ሕክምናው ይቀድማል።

ውጤቱን ለተመርማሪው ስነግር ከሁለት ነገሮች እጠነቀቃለሁ፤ ያለ ምክንያት ከማስፈራትና ያለ ማስረጃ ከማረጋጋት። ለዚህ መሠረት የሚሆነኝ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ የሬይኖ ክስተት ያለባቸውን 586 ሰዎች ለዓመታት የተከታተለ የካናዳ ጥናት ነው። ሲጀመር በጥፍር ሥር የደም ሥሮቻቸው ጤነኛ የነበሩና በደማቸው ውስጥ ከስክሌሮደርማ ጋር የተያያዙ ፀረ እንግዳ አካላት ያልተገኙባቸው ሰዎች ወደ በሽታው የተሻገሩት ከ100 ከ2 ያነሱ ናቸው፤ የተጎዱ የደም ሥሮችም ፀረ እንግዳ አካላቱም ከተገኙባቸው ግን ከ100 ወደ 80 የሚጠጉት ተሻግረዋል። ስለዚህ የሙቀት ካሜራው ብቻ ምንም ያህል መጥፎ ምስል ቢያሳይ በእርሱ ላይ ተመሥርቼ የበሽታ ስም አልጠራም፤ የጥፍር ሥር ምርመራውና የደም ምርመራው እንዲሠሩ እልካለሁ። ክስተቱ ዕድሜያቸው ከ30 አልፎ የጀመራቸው፣ በአንድ እጅ ብቻ የሚመጣባቸው፣ ጣቶቻቸው የሚያብጡ ወይም ቆዳቸው የሚጠነክርባቸው፣ በጣታቸው ጫፍ ቁስል የወጣባቸው ሰዎች ደግሞ የጥናት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መሄድ አለባቸው። ሁለቱም ምርመራዎች ጤነኛ ሆነው ለተገኙላቸው ሰዎች የምሰጠው ወረቀት አጭር ነው፤ ሲጋራ እንዲያቆሙ፣ ከእጃቸው በፊት ደረታቸውንና እግራቸውን እንዲያሞቁ፣ ጣቶችን ለየብቻ ከሚያስገባ ጓንት ይልቅ አንድ ላይ የሚያስቀምጠውን እንዲመርጡ፣ ከላይ ከጠቀስኳቸው ምልክቶች አንዱ ቢታይባቸውም ተመልሰው እንዲመረመሩ ይላል።